ሁለቴ የተቀዳ ለቅሶ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ይህን ስታነብ እማዬ ሁሉንም ሰምታለች። ስድስት ዓመት ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት፤ ሆዴ ግን አልፈጀውም። ይህ በቀል ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

የሙዚቃ ድርጅትህ ያኔ አራት ክፍል ብቻ ነበረው። አንዱ ዜማ ያወጣል፣ አንዱ ምት ይሠራል፣ እኔ ደግሞ ባሕር ማዶ ያሉት ታዋቂ ዘፋኞች እንዲያጠኑት ናሙናውን እዘፍናለሁ። እነሱ ሲዘፍኑት የእኔ ድምፅ ይጠፋል። ሥራዬ መጥፋት ነበር፤ አልከፋኝም።

ያን ቀን ማይኩ ፊት እንደቆምኩ ከሆስፒታል ተደወለልኝ። በመስታወቱ ማዶ አየሁህና «አባባ ሞተ» አልኩህ። በማዳመጫህ ሰማኸኝ። ከዚያ ከውስጤ የወጣውን ድምፅ ዛሬ አገር ምድሩ ያውቀዋል።

ቅጂውን አላቆምክም። ፊትህን እንኳ ሳታዞር «ሚጣ፣ እስቲ አንዴ ድገሚልኝ» አልከኝ።

ደገምኩት።

ወደ ማይኩ ጠጋ ብዬ። አንገቴን ሳይቀር አስተካክዬ።

የዘፈኑ መግቢያ ላይ ያስገባኸው የትኛውን ነው? ታክሲ ውስጥ ሰምቼዋለሁ፤ የማላውቃቸው ሰዎች ሠርግ ላይ ሲጨፍሩበት አይቻለሁ። አንዳንድ ቀን የመጀመሪያው ይመስለኛል፤ አንዳንድ ቀን የታዘዝኩት። አባቴን ያለቀስኩበትን ድምፅ ከውሸቱ መለየት አቃተኝ። የወሰድክብኝ ይህንን ነው።

ትናንት እማዬ ለሽልማትህ ቀን የምትለብሰውን ቀሚስ ስተኩስላት ሬዲዮው ዘፈኑን ለቀቀው።

«የወንድምሽ አይደል? ጎሽ የኔ ልጅ» አለች። ትንሽ አዳመጠችና፣ «ይቺ ልጅ ግን ማን ሞቶባት ነው?»

ካውያውን አስቀምጬ ነገርኳት።

«አንቺስ ደገምሽለት?»

«ደገምኩለት።»

«ወይ እናንተ ልጆች።» ሬዲዮውን አጠፋች። «ታዲያ የገባው የትኛው ነው?»

«እሱ ነው የሚያውቀው።»

«እንግዲያው ቀሚሱን ጨርሺው። እኔው እጠይቀዋለሁ።»

ስለዚህ ቅዳሜ ትመጣለች። ከጎንህ ትቀመጣለች። ስምህ ሊጠራ ሲል፣ ዘፈኑ ሲጀምር፣ ወደ ጆሮህ ጠጋ ትላለች። የመጀመሪያው ነው ካልካት የባሏን ሞት ሸጠሃል። ሁለተኛው ነው ካልካት አባትህ ሳይቀበር እህትህን አስለቅሰህ ቀድተሃል። አላውቅም ብትላት አታምንህም፤ ውሸትህን ከሁላችን በፊት የምታውቀው እሷ ናት።

እኔ ከኋላችሁ ነኝ። መልስህን እኔም ልስማው።

እህትህ