ፒካፗ ዘጠና ስትገባ

ለማከብርዎ አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱ አባባ? ጉልበትዎ ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃ ሲወጡ ያሠቃይዎታል? እማዬስ ደህና ናት? የጓሮው ቧንቧ ተጠገነ ወይስ ዛሬም በጨርቅ ታስሮ ያንጠባጥባል? እኔ ደህና ነኝ። ጋራዤም ደህና ነው። ጣሪያው ቢያፈስም፣ ጎረቤቱ «የሴትዮዋ ጋራዥ» እያለ ቢስቅበትም፣ ይኸው ሁለት ዓመቱ፣ አልወደቀም።

የላኩብኝ መልእክት ደርሶኛል። ወንድሜ ደውሎ ቃል በቃል አነበበልኝ። ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት መጥታ ይቅርታ ትጠይቅ ብለዋል አለኝ። ጥፋቴም የአዋላጇን ፒካፕ ሠርቼ የጋራዣችሁን ስም ማጥፋቴ ነው።

አልመጣም አባባ። ይቅርታም አልጠይቅም። ይህን በስልክ መናገር እችል ነበር። በስልክ ሲሆን ግን እርስዎ ይቆጣሉ፣ እኔ እጮሃለሁ፣ ወንድሜ መሀል ገብቶ ያስታርቀናል፣ ዋናው ነገር ሳይነገር ይቀራል። ስለዚህ ጻፍኩት። እስከ መጨረሻው ይስሙኝ።

ሴትዮዋን ያውቋታል። ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው ጤና ጣቢያ የምትሠራው አዋላጅ ናት። ምጥ የጠናባትን ሴት ከኋላ አስተኝታ ሆስፒታል የምታደርሰው በዚያች ነጭ ፒካፕ ነው፤ ሹፌሯም ራሷ ናት። ያን ቀን ግቢዬ ገብታ ሞተሩን ሳታጠፋ ወረደችና፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም፣ «አንቺም ጎማ ነው የምትዪኝ ከሆነ አሁኑኑ ልመለስ» አለችኝ። ሳቄ መጣ። መጀመሪያ ቁጭ በይ አልኳት።

መኪናዋ እስከ ሰባ ድረስ እንደ ሙሽራ ነው የምትሄደው። ሰማንያን ስታልፍ መንቀጥቀጥ ትጀምራለች። ዘጠና ስትገባ ወንበሩ፣ ወለሉ፣ የሰው ጥርስ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። እኛ ጋራዥ፣ የእናንተ ጋራዥ ማለቴ ነው፣ አፌ አልለመደም፣ ሦስት ጊዜ ወስዳታለች። ጎማው ባላንስ ተደረገ። እንደገና ባላንስ ተደረገ። በሦስተኛው ወንድሜ ምን እንዳላት ልንገርዎ? «መኪናው ምንም የለውም፤ አንቺ ሰባ ላይ ንጂው» አላት። እሷም «ምጥ ሰባ ላይ ይጠብቃል እንዴ?» ብላ ጠየቀችው።

ባለፈው ወር ደም የሚፈሳት አንዲት እናት ከኋላዋ አስተኝታ፣ ሰባ ላይ እየነዳች፣ ሆስፒታል የደረሰችው ለጥቂት ነው። ወላዷ ተርፋለች። አዋላጇ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ራሷን መጠራጠር ጀምራለች። የሚንቀጠቀጠው መኪናው ይሁን እሷ፣ መለየት አቅቷታል።

እንግዲህ እርስዎ እንደሚሉት አደረግሁ። መፍቻ ከማንሳትህ በፊት መኪናውን አነጋግረው ይሉ ነበር። የሚሉት ለወንድሜ ነበር፤ የምሰማው ግን እኔ ነበርኩ።

ወደ አውራ ጎዳናው ወጣን። እሷ ነዳች፣ እኔ ጎኗ ተቀመጥኩ። ዘጠና ስንገባ መጀመሪያ ያየሁት መሪውን ነው። መሪው ዝም ብሏል፤ የሚዘለው ወንበሩ ነው። የፊት ጎማ ቢሆን መሪው ይነግረን ነበር። ማርሹን ፍሪ አድርጊው አልኳት። የሞተሩ ድምፅ ረገበ፣ መንቀጥቀጡ ግን ቀጠለ። በአራተኛም ማርሽ ቢሆን በአምስተኛ፣ ያው ዘጠና ላይ ነው። ጠቡ ከፍጥነቱ ጋር እንጂ ከሞተሩ ጋር አይደለም። ተመልሰን የፊቱን ጎማዎች ወደ ኋላ፣ የኋላዎቹን ወደ ፊት ቀያየርኳቸው። ጎማ ቢሆን መንቀጥቀጡ አብሮ ቦታ ይለውጥ ነበር። ወጣን፤ ያው ወንበሩ።

«በቃ፣ ጎማ አይደለም» ስላት ዳር ይዛ አቆመችና ግንባሯን መሪው ላይ ደፋች። «እብድ አይደለሁማ» አለች። ያቺን ቃል አውቃታለሁ አባባ። ስንት ዓመት ለራሴ ብያታለሁ።

መኪናዋን በክሪክ አንስቼ፣ ደገፍ አድርጌ፣ ከሥር ገባሁ። ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደውን ረጅሙን ዘንግ ያዝኩና ወዲያ ወዲህ አልኩት። ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉት መገጣጠሚያዎች፣ ክሮቸራዎቹ፣ አዲስ ናቸው፤ ግራሷቸው እንኳ ገና አልጠቆረም። አይላወሱም። ሌላ ሰው ቢሆን አዲስ ነው ብሎ ያልፋቸዋል። ወንድሜም ያለፋቸው በዚህ ይመስለኛል። እኔ ግን መንቀጥቀጡ መቼ እንደጀመረ ጠየቅኳት። ትንሽ አሰበችና፣ «ያ ዕቃ ከተቀየረ በኋላ» አለችኝ።

ዘንጉ ከሁለት የሚገጣጠም መሆኑን ለእርስዎ አልነግርም፤ እማዬ እንድትረዳው ነው የምጽፈው። ጥርስ ያለው አንዱ ሌላው ውስጥ ይገባል። በአንድ ጥርስ እንኳ ተዛንፎ ከገባ ቀስ ሲሄዱ አይታወቅም፤ ሲፈጥኑ ግን መኪናውን ይበጠብጠዋል። ስለዚህ ልባም መካኒክ ክሮቸራ ሊቀይር ዘንጉን ከመፍታቱ በፊት በሁለቱም ወገን ነጥብ ይመታል፤ ሲገጥም ነጥቦቹን ፊት ለፊት ያገናኛል። በዚህ ከተማ ነጥቡን ጥንድ አድርጎ የሚመታ አንድ ሰው ብቻ ነው። አንዱን ዝገት ቢበላው ሁለተኛው ይመሰክራል የሚል።

ጭቃውን በጨርቅ ጠረግሁት። ነጥቦቹ አሉ። ጥንድ እዚህ፣ ጥንድ እዚያ። ግን አይተያዩም። በመካከላቸው የትንሽ ጣቴን ወርድ የምታህል ርቀት አለች።

መጀመሪያ የወንድሜ ሥራ ነው ብዬ ነበር። ተስፋ አደረግሁ ብል ይሻላል። ማን ነው የገጠመልሽ አልኳት። «ሽማግሌው ራሳቸው» አለች። «ልጃቸውን እንኳ አላስጠጉም። በጠራራ ፀሐይ ከሥር ተኝተው በጣታቸው እየዳሰሱ ነበር የሚሠሩት። ባትሪ ላብራልዎ ብላቸው፣ ምን ያደርግልኛል አሉኝ።»

ያኔ አክስቴ ቤት የተገናኘንበት ቀን መጣብኝ። ፊትዎ ቆሜ፣ አፌን ከፍቼ እስክናገር ድረስ ሰላም አላሉኝም። ኩርፊያ መሰለኝ። ጋራዥ ስለከፈትኩ ናቁኝ አልኩ። አንድ ዓመት ሙሉ ያንን ኩርፊያ ሆዴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ።

ይህን የምታነብልዎ እማዬ እንደሆነች አውቃለሁ። እማዬ፣ እዚህ ላይ ድምፅሽ እንዳይሰበር፤ ቀጥዪ። አንቺም ልትነግሪኝ ይገባ ነበር። በእሱ ሌላ ቀን እንጣላለን።

ዘንጉን ፈታሁ፣ ነጥቦቹን አገናኘሁ፣ ገጠምኩ። ወጣን። ሰማንያ። ዘጠና። መቶ። ወንበሩ ዝም አለ። አዋላጇ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ አንድ እጇን ከመሪው አነሳችና ጭኗ ላይ አሳረፈችው። ስንመለስ ምን ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ቡሎን ላልቶ ነው አልኳት።

ለደንበኛ ዋሽቼ አላውቅም አባባ። ያን ቀን ዋሸሁ። እሷ ደግሞ ደስታዋን መያዝ አቅቷት ላገኘችው ሁሉ አወራች፤ ወሬው ዞሮ ወንድሜ ጆሮ ሲደርስ «እዚያ ጋራዥ ቡሎን አያጠብቁም» ሆነ። ስም አጥፊ የተባልኩት እንግዲህ ስም ባዳንኩበት ቃል ነው። ወንድሜ ስልክ ላይ ሲጮህብኝ ነጥቦቹ መዛነፋቸውን አልነገርኩትም። አልነግረውምም።

አሁን ለምን እንደማልመጣ ይገባዎታል። ሠራተኛ ፊት ቆሜ ስለ ፒካፗ ከተናገርኩ እውነቱን መናገር አለብኝ። እውነቱን ከምናገር ስም አጥፊ ብባል እመርጣለሁ።

ግን እንደፈራሁልዎ ብቻ አይቁጠሩት፤ ተቆጥቼብዎታለሁም። ከኋላ ደም የሚፈሳት ሴት ነበረች አባባ። ወንድሜን ጠርተው ነጥቡን እይልኝ ቢሉት ምን ይጎድልዎ ነበር? እኔንስ ቢጠሩኝ? የሴት እጅ ቡሎን አያጠብቅም ብለው የጋራዡን ቁልፍ ለእሱ ሲሰጡ ዝም አልኩ። ወጥቼ የራሴን ስከፍት፣ ከሦስት ወር በኋላ ትመለሳለች ብለው ለሰው ሲናገሩ ሰማሁ፤ ያኔም ዝም አልኩ። አሁን ግን ዝም አልልም። ክሮቸራ ያንቀጠቅጣል እንጂ ይታገሳል፤ ፍሬን አይታገስም። ከዛሬ ጀምሮ ብቻዎን ከመኪና ሥር አይገቡም። ይህን የምለው እንደ ልጅ አይደለም፣ እንደ መካኒክ ነው። ልጅዎን ባይሰሙ መካኒኳን ይስሙ።

ለአዋላጇ የዋሸሁት ሦስት ቀን አልቆየልኝም። ነፍስ የምትጭነው እሷ ናትና ማወቅ መብቷ ነው ብዬ ጤና ጣቢያው ድረስ ሄጄ ነገርኳት። ትሰድበናለች ብዬ ነበር። ጓንቷን አውልቃ እጇን እየታጠበች ካዳመጠችኝ በኋላ፣ «የእኔም አባት እንዲሁ ደብቀውን ነበር» አለች። የዓይን ሞራ ከሆነ በአንድ ጠዋት ተገፍፎ ብርሃን እንደሚመለስ፣ ብዙዎች በማግስቱ በራሳቸው እግር ወደ ቤታቸው እንደሚሄዱ ነገረችኝ። ሐኪሙን ታውቀዋለች። ቆይቶ ከደነደነ ግን ይከብዳል ብላለች።

ቀጠሮው ሐሙስ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በራችሁ ላይ እገኛለሁ። እምቢ ለማለት ካሰቡ ድካምዎን ይቆጥቡ፤ እምቢታን ከማን እንደወረስኩ ያውቃሉ፣ ወጣትነት ስላለኝ ደግሞ እኔ እበልጣለሁ።

ለወንድሜ፣ ሐሙስ ሆስፒታል ቀጠሮ አለኝ፣ አባባ ያጅቡኝ ብዬዋለሁ። ደንግጦ ምን ሆንሽ አለኝ። የሴት ነገር ነው ስለው አፉን ዘጋ፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ጥያቄ አልጠየቀኝም። ለሠራተኞቹም ይህንኑ ይነግራል። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት የታመምኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ልጃቸውን የሚያስታምሙ አባት ነዎት። ያንን ግራጫ ኮትዎን ለብሰው፣ ኮስተር ብለው ይውጡ፤ ሰው ካየን ክንዴን የያዙት እኔን ለመደገፍ ነው።

እድሜዎን ያርዝምልኝ። ለእማዬም ጤናና ብርታት ይስጣት። ቤታችሁን ሰላም አያሳጣው።

ግትሯ ልጅዎ