ቶሎ የሚያፈላ ምድጃ

ሰኞ

ቆረጡባቸው። የእትዬ ከድጃን የመብራት መስመር የተራው ሰዎች ዛሬ ጠዋት ቆርጠው ጣሉት፤ ጠቋሚው ደግሞ እኔ ነኝ።

ከሸማ ተራ ጀርባ ያለነው ዘጠኝ ሱቆች የምንጠቀመው በአንድ ቆጣሪ ነው። ቅዳሜ ሽቦው ቀልጦ የጋሼ ደምሴን አንድ እስር ጋቢ አቃጠለ። እግዜር አተረፈን እንጂ ተራው በሙሉ አመድ ይሆን ነበር። ጋሼ ደምሴ የተራው ሽማግሌ ናቸው። "ምድጃ ጠጋኙ አንተ፣ መብራት የምታውቀው አንተ፤ ከማን እንደመጣ ንገረን" አሉኝ። ሽቦውን ተከትዬ ሄድኩ። የቀለጠው ወደ እትዬ ከድጃ ሻይ ቤት የሚገባው ነው። ያየሁትን ተናገርኩ፤ ሌላ ዕቃ ጨምረው ነው ተባለ።

"ምን ጨመርኩ? ያው ሁለቱ ምድጃዎቼ ናቸው፤ አንተው የምትጠግናቸው" አሉ እትዬ ከድጃ።

የቀለጠውን ሽቦ አሳይቻቸው ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

ማክሰኞ

ሻይ ቤቱ ዝግ ነው። እትዬ ከድጃ በርጩማ አውጥተው በራፉ ላይ ተቀምጠዋል። ተሸካሚዎቹ ሻይ ፍለጋ እየመጡ ይመለሳሉ። ምድጃዎቹን አምጥተው እኔ ሱቅ አስቀመጡ፤ "ያለ መብራት ምን ያደርጉልኛል" ብለው። ቁጣ እንኳ የላቸውም። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሥልጠና። የብቃት ወረቀት አምጣ ስለተባልኩ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁትን ሥራ መሳለሚያ ሄጄ እንደ አዲስ እማራለሁ። የቤት ሥራ ተሰጠን፦ አንድ ዕቃ አምጡ፣ ቮልቱንና አምፔሩን ለኩ። ቮልቱን ለአምፔሩ ስታካፍሉት ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ሽቦው መብራቱን የሚገታበት መጠን፣ በኦም፤ ቮልቱን በአምፔሩ ስታባዙት ኃይሉ በዋት ይወጣል። ምድጃ ይሞቃል ወይስ አይሞቅም? እኔን እስከ ዛሬ ሰው የጠየቀኝ ይህን ብቻ ነው።

ረቡዕ

ቅርቤ የነበረውን ይዤ ሄድኩ፤ ከእትዬ ከድጃ ምድጃዎች አንዱን።

ሲገዛ የተጻፈበት፦ 220 ቮልት፣ 1000 ዋት።
1000 ÷ 220 = 4.55 አምፔር
220 ÷ 4.55 = 48 ኦም ገደማ

ዛሬ የለካሁት፦ 210 ቮልት፣ 7 አምፔር።
210 ÷ 7 = 30 ኦም
210 × 7 = 1470 ዋት

መለኪያው ተበላሽቷል ብዬ በሌላ ለካሁ። ያው ነው። መምህሩ መጣና ምድጃው ላይ የሚግለውን ጥቅል ሽቦ ጎንበስ ብሎ አየው።

"አጥሯል። ማን ነው የቆረጠው?"

"የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጬ መልሼ እቀጥለዋለሁ" አልኩት። "ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንሠራው።"

"ስንት ጊዜ ቆረጥከው?"

ሦስት ጊዜ፣ አራትም ይሆናል። በቆረጥኩ ቁጥር የቀረውን ስቤ ሸክላው ቦይ ውስጥ አዳርሰዋለሁ፤ ሙሉ ይመስላል። ግን ሽቦው ባጠረ ቁጥር ሬዚስታንሱ ይቀንሳል፣ አምፔሩ ይጨምራል። ሁለት ምድጃ፣ አሥራ አራት አምፔር፣ በዚያ ቀጭን መስመር።

ሰዎች "አንተ ከነካኸው በኋላ ቶሎ ያፈላል" እያሉ ያመሰግኑኝ ነበር። እኔም ሙያ መስሎኝ እኮራ ነበር።

ሐሙስ

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስንቱ ቤት ነው የገባሁት? ፉል ቤቶቹ። ከመስጊዱ ጎን ያሉት ሴትዮ። ሦስት ልጆች ይዛ አንድ ክፍል የምትኖረው አራስ። ስማቸውን የማላውቃቸው ደግሞ ስንት ናቸው! በዚህ ሰዓት የማን ግድግዳ ውስጥ ሽቦ እየጋለ እንደሆነ አላውቅም። እጄን አየሁት፤ ጠላሁት።

ልናገር ብዬ ወደ ጋሼ ደምሴ ሱቅ ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ "ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄ ነው! አንተ ባትኖር አልቆልን ነበር" ብለው ለገዢዎቹ ሁሉ አሳዩኝ።

ተመስገን ብዬ ወጣሁ። ፈሪ ነኝ። ብናገር ከእንግዲህ ማን ምድጃ ያመጣልኛል?

ዓርብ

እትዬ ከድጃ ብርጭቆዎቻቸውን ሸጡ። አንድ ነጋዴ መጥቶ እየቆጠረ በጆንያ ከተተ፤ ከዚያ ማንቆርቆሪያዎቹን፣ ከዚያ አግዳሚ ወንበሩን። ወንድማቸው አገር ቤት ነይ ብለዋቸዋል መሰለኝ፤ ሻንጣ ሲያወጡ አይቻለሁ። እኔ በሱቄ መስኮት አያለሁ። ነጋዴው ጆንያውን ተሸክሞ ሄደ።

ቅዳሜ

ተናገርኩ። ሁሉም ባሉበት፣ ሒሳቡን የጻፍኩበትን ወረቀት ይዤ። ጋሼ ደምሴ አቋረጡኝ፤ "ኦም፣ ዋት አታብዛብን። ባጭሩ ጥፋቱ የማን ነው?"

"የእኔ።"

ያልተቆረጠ አዲስ ሽቦ ገዝቼ የሁለቱንም ምድጃ ሽቦ ፊታቸው ቀየርኩ። ለካሁ፦ 210 ቮልት፣ 4.4 አምፔር። ወደ 48 ኦም ተመለሰ። ጋሼ ደምሴ ሌላ ባለሙያ አስመጥተው መስመሩን በወፍራም ሽቦ አስቀጠሉ። እኔን መሰላሉን እንኳ አላስያዙኝም።

ምድጃዎቹን ተሸክሜ እትዬ ከድጃ ደጃፍ ቆምኩ። ይቅርታ አልኳቸው። ብዙ ጊዜ አልኳቸው። ሰሙኝና "ይህን መቼ አወቅህ?" አሉኝ።

"ረቡዕ።"

"ብርጭቆዎቼን የሸጥኩት ትናንት ነው" አሉና ገቡ። በሩን አልዘጉትም። ግባም አላሉኝም፤ ምድጃዎቹን ደጃፉ ላይ አስቀምጬ መጣሁ። እስካሁን አልተነሡም።