ከአቡጀዲው በስተኋላ

ጥር ፲፯፣ ሐሙስ ማታ

የጎረቤቴ የዘነቡ እግር ዛሬም እንዳበጠ ነው። ፌጦ አሰርኩላት፤ ትንሽ ጎደል ብሏል። ልጇ እስቴ አገር ወልዳለች አሉ፣ ሴት። ሄዳ እንዳታርሳት እግር የላት። የሠራችው ሸክላም ሳይተኮስ ተደርድሮ ቀርቷል።

ነገ የሲኒማ መኪና ንፋስ መውጫ ይገባል፣ ት/ቤቱ ግቢ። ዘነቡ ሥዕል ሲራመድ አይቼ ልሙት ትላለች። ደግፌ እወስዳታለሁ።

ጥር ፲፰፣ ዓርብ፣ ከሲኒማው መልስ

ደብተሬ፣ ይኸ ምን ጉድ ነው። ሥዕሉ የሚያርፍበት አቡጀዲ በሁለት ቋሚ ተወጥሯል። ከፊቱ ወንበር፤ ባላምባራስ፣ የሰፈራችን መሬት ጌታ፣ ከነሹማምንቱ። ቀጥሎ ጨዋው። እንደ ዘነቡ ያለ ባለ እጅና ጭሰኛ ከአቡጀዲው በስተኋላ። ዘበኛው እኔን፣ ጨዋ ነሽ፣ ወደ ፊት እለፊ አለኝ። ዘነቡን ማን ይደግፍ? አብሬያት ኋላ ተቀመጥኩ። ሥዕሉ ከዚያም ይታያል፣ ግራው ቀኝ ሆኖ።

በሥዕሉ አንድ ከተማ አለ። ጌቶቹ መሬት አይረግጡም። ከልደት እስከ ሞት በሰው ትከሻ፣ እንኮኮ። ተሸካሚው አንገቱ ጎብጦ ሰማይ የሚባል አያውቅም። እላዩ ሆነው ይበላሉ፣ አጥንቱን አናቱ ላይ ይጥሉበታል። ፊት ያሉት በሳቅ ፍርስ። እኛ ዘንድ ጭጭ። በኋላ አንዱ ተሸካሚ ቀና አለ። ጌታው ወደቀ። መራመድ አይችል፣ እንደ ሕፃን ዳኸ። ያን ጊዜ ከኋላ እልልታው ቀለጠ። ሴቱ ሁሉ። ዘነቡም፣ እኔም። ማን እንደ ጀመረው እንጃ፤ ከሁሉም አፍ አንድ ላይ ነው የወጣው።

የፊቱ ሳቅ ቀጥ። ባላምባራስ ሳያልቅ ተነሡ። ሰዉም ተከትሎ ተነሣ። መጨረሻውን ማንም አላየ።

ጥር ፳፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ወሬው ይኸው ብቻ። ግማሹ፣ እግዜር ከፍ ያደረገውን መጣል የሰይጣን ሥራ ነው ይላል። ኋላ አብሮን የነበረው ቆዳ አልፊ ግን፣ አጥንቱ የኔም አናት ላይ አርፏል፣ እስካሁን እየዳበስኩት ነው ብሎ አሳቀኝ።

ሳቄ አልቆየም። ባላምባራስ፣ እልልታውን ያስጀመረች ዘነቡ ናት ብለዋል። መሬቴ ላይ ተቀምጣ ሰደበችኝ፤ ማክሰኞ ትልቀቅ። አይደለሁም ካለች ጨዋ ምስክር ታምጣ አሉ። ከአቡጀዲው ኋላ የነበርኩ ጨዋ እኔ ብቻ ነኝ። እልል ያልን ሁላችንም ነን እላለሁ። ቆርጫለሁ። የኔም ቤት በሳቸው መሬት ላይ መሆኑን አልረሳሁም። 

ጥር ፳፩፣ ሰኞ፣ ማርያም

ሰው ሲመላለስ ዋለ። መጀመሪያ የቆዳ አልፊው ሚስት። ያን ዕለት ከቤቷ አልወጣችም በይልኝ አለች። በእልልታዋ ጆሮዬን ያደነቆረችው እሷ።

የነፍስ አባቴ መጡ። መመስከር ደግ ነው፣ ግን ከማን ጋር እንደምትጣዪ እወቂ አሉኝ። ጠላዬን ጠጥተው፣ ባርከው ሄዱ።

ሲመሽ ዘነቡ፣ ዱላ ተደግፋ። ልትመሰክሪልኝ ነው አሉ አለችኝ። አዎ አልኳት፣ ደስ ይላታል ብዬ። መደቡ ላይ ቁጭ አለች።

«አንቺንም ከነቀሉሽ እኔ ማን ቤት ልደር፣ እቴ?»

 እስቴ በዚያ እግር አይደረስም። ልጇም ያለችው በአማት ቤት ነው፤ ሸክላ ሠሪ እናት ማን ያስገባላታል። ዘነቡ፣ አፍሽን ያዢና መደቡን አስፊልኝ አለች። ወደ በሩ በኩል ይሁን፣ ሌሊት ስለሚያስለኝ አለች። 

የመደቡን ጭቃ አቡክቻለሁ። ነገ ዝም እላለሁ።