የተጠረገው ዱር

ኅዳር 12 ቀን፣ ሐሙስ።

አባባ ዱሩን ጠረጉት።

ወንድሜ፣ ከዚህ በፊት ሰላምታ መቅደም እንደነበረበት አውቃለሁ፤ ግን ከሰኞ ጀምሮ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ስለቆየ መጀመሪያ እሱ ይውጣልኝ። አሁን፣ እንዴት ነህ? ወገብህስ ተሻለው? ባለቤትህ የሌሊት ፈረቃውን ተወች ወይስ አሁንም በር ላይ ብቻ የምትገናኙ ባልና ሚስት ናችሁ? ልጆቹስ የእኛን ቋንቋ ለመዱ ወይስ ስደውል "ሄሎ" ብለው ስልኩን ላንተ ያቀብላሉ? ክረምቱ አልከበዳችሁም? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ ማንም አልጋ ላይ አልዋለም ማለቴ ነው፤ ሌላውን ከታች ታነበዋለህ።

የምጽፍልህ ከቤት አይደለም። እርሻ ጽሕፈት ቤቱ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ተራ ይዤ ተቀምጫለሁ። ወንበሮቹ ፕላስቲክ ናቸው፤ ስድስት ስድስት ሆነው በአንድ ብረት ላይ ተያይዘዋል፣ አንዱ እግሩን ሲያወዛውዝ ስድስቱም ይንቀጠቀጣሉ። አጠገቤ ያለው ንብ አርቢ ደግሞ ከተቀመጠ ጀምሮ እግሩ አላረፈም። ጽሕፈቴ የሰካራም መንገድ ቢመስልህ ጥፋቱ የእሱ ነው። እኔም ብሆን ደጋግሜ ተነስቼ እስከ በሩ ሄጄ ተመልሻለሁ። ዘበኛው "እህቴ፣ ወይ ውጪ ወይ ግቢ፣ በሩን አታድክሚው" አለኝ። መቀመጥ አቃተኝ፤ ለዚህ ነው ከእሱው እስክሪብቶ ተውሼ መጻፍ የጀመርኩት።

በስልክ ይህን ነገር መነጋገር አልቻልንም። አንተ ትቸኩላለህ፣ እኔ እጮሃለሁ፣ አባባ ደግሞ ከኋላዬ ቆመው ላልተጠየቁት ይመልሳሉ። እሁድ ዕለት "ዱሩን ሽጡትና ጣሪያውን ቀይሩ" ስትል መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ "ግን" ልትል ነበር ወይስ አልነበረም፣ አላውቅም። ለአባባ የሰሙት በቅቷቸዋል፤ "ልጄ ሽጡት ብሏል" ሲሉ ነው የሰነበቱት። ይህ ደብዳቤ እጅህ ሲገባ ነገሩ ለይቶለታል። የምጽፍልህ ምክር ፍለጋ አይደለም፤ አንድ ቀን መጥተህ ከደጃፋችን ስትቆም "ምን ሆኖ ነው?" ብትል የሚነግርህ እንዳታጣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንግሥት በግል መሬቱ ላይ ያለውን ዱር ሳይቆርጥ ለሚያቆይ፣ ማሳውንም ከጎርፍ ለሚጠብቅ ሰው የገንዘብ ድጋፍ መስጠት ጀምሯል። ከብት ወደ ጅረቱ እንዳይወርድ አጥር ብታጥር፣ ቦረቦሩ አፍ ላይ ችግኝ ብትተክል አብዛኛውን ወጪ እነሱ ይሸፍናሉ። ዱሩን ደግሞ አሥር ዓመት ሳትቆርጥ ለመጠበቅ ውል ከገባህ በየዓመቱ ይከፍሉሃል። አስቀድመው ግን ሳንቲም አይሰጡም፤ መጥተው ዐይተው ነው። አባባ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። "ባለመሥራት የሚከፈል ከሆነማ ሬዲዮ እስከ ዛሬ ሦስት ፎቅ በሠራ ነበር" አሉ። ሬዲዮ ያው የድሮው ጎረቤታችን ነው፣ ስሙን ያወጣህለት አንተ ነህ፤ አሁንም ወሬ ሳይሰማ አያድርም፣ ሰምቶም ሳያወራ አይውልም። ስለ አሥር ዓመቱ ደግሞ "በዚህ ዕድሜዬ የአሥር ዓመት ውል የሚያስፈርመኝ ማን ነው? ፈጣሪም እንዲህ አያምነኝም" አሉ። ቢሆንም ማመልከቻውን ፈረሙ፤ እኔ ስለፈለግሁት ፈረሙ።

እኔ የፈለግሁት ለወፍና ለቢራቢሮ ብዬ አይደለም። ሬዲዮ ከእኛ ጋር የሚዋሰነውን ተዳፋት ካቻምና ለጣውላ ነጋዴ ሸጦ ራቁቱን አስቀርቶታል። ከዚያ ወዲህ ዝናብ በጣለ ቁጥር የእሱ ድንጋይ ታችኛው ማሳችን ላይ ያድራል። በማግስቱ እያጎነበስኩ የምለቅመው እኔ ነኝ፤ እጄን ብታየው የግንበኛ ይመስልሃል። የእኛም ዱር ከተቆረጠ ላይኛው ማሳ ይከተላል። በቧንቧ ወደ ቤት የምናወርደው ምንጭም የሚነሳው ከዚያው ከዱሩ ሥር ነው። ጣሪያው አያፈስም አልልህም፤ ያፈሳል። ግን ለሚያፈስ ጣሪያ ባልዲ ይደቀንለታል። ለማሳ የሚደቀን ባልዲ የለም።

ባለሙያዋ መጀመሪያ የመጣችው በመስከረም ነው። ገና ወጣት ናት፣ በሞተር ነው የምትሄደው። ማሳውን አየች፣ ቦረቦሩን ወርዳ ለካች፣ ዱሩን ግን ዝናብ ስለያዛት ከሩቅ በመነጽር ዐይታ "እሱን ሌላ ቀን እመለስበታለሁ" ብላ ሄደች። ባለፈው ሳምንት መጀመሪያ ላይ፣ በቀጣዩ ሰኞ እንደምትመጣ ስታስነግር አባባ ተነሱ።

እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። ደጁ ይጠረጋል፣ ጓሮ ያለው ዕቃ ይደረደራል፣ ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ቦታ ይለቃሉ። አባባ ያንኑ ለዱሩ አደረጉለት። የቀን ሠራተኛ ቀጥረው ሳምንቱን ሙሉ ከዛፎቹ ሥር ያለውን ቁጥቋጦ መነጠሩ፤ የወደቀውን ግንድ ሁሉ አወጡ፤ ቅጠሉን በመንሽ ሰብስበው ጠርዙ ላይ ከመሩ። ያንን ከላይ በኩል ያለውን ደረቅ ዛፍ፣ ጉጉት የሚገባበትን ባለ ቀዳዳውን፣ በገመድ ስበው ጣሉት። እኔም ተሸክሜያለሁ። ሰው ሊያየን ሲመጣ ምን እንደሚደረግ የማውቀው ይህንኑ ነው፤ የተለየ ነገር ወደ ሐሳቤም አልመጣም። እንጨቱን አምጥተው ከቤቱ ጎን እንደ ግድግዳ ደረደሩት፤ ጫፍ ጫፉን ሳይቀር በመጋዝ አስተካከሉት። ሲያልቅ ዱሩ የትምህርት ቤት ግቢ መሰለ። አክስታችን ከዳር ቆማ ዐየችና "ወንበር ብቻ ነው የቀረው" አለች።

ሰኞ ባለሙያዋ መጣች። አባባ ኮታቸውን ለብሰው ከፊት ከፊት ይመራሉ። ትንሽ ገባ እንዳለች ቆመች። መሬቱን አየች፣ ወደ ላይ አየች፣ እንደገና መሬቱን አየች። "አባባ፣ እዚህ ምን ተፈጠረ?" አለቻቸው። "ጠረግነው" አሉ፣ ምስጋናዋን እየጠበቁ። "ያ ትልቁ ደረቅ ዛፍስ?" ስትል "የበሰበሰው? እሱንማ አነሳሁልሽ" አሏት። ልጅቷ የራስ ቁሯን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችን። ውሃውን ይዞ ለምንጩ የሚያቆየው ያ ቅጠል ነው። አፈሩን የሚይዘው ቁጥቋጦው ነው። ወፉም ነፍሳቱም ቤታቸው የወደቀው ግንድና የደረቀው ዛፍ ነው። ድጋፉ የሚሰጠው ለእነሱ ነበር። "እንዲህ እንዳለ ባስመዘግበው ይወድቃል" አለች።

እንጨቱ እንዳልተማገደ ስነግራት ግን ፊቷ ፈታ አለ። "እንግዲያው አታንድዱት። መልሳችሁ አስገቡና በትኑት፤ ቅጠሉንም መልሱት። ቁጥቋጦው ራሱ ያቆጠቁጣል። የዘንድሮው ምዝገባ ዓርብ ማታ ይዘጋል፤ ዓርብ ከሰዓት መጥቼ አየዋለሁ" ብላ ሞተሯን አስነሳች።

አባባ ሞተሩን በዐይናቸው ሸኙት። ከዚያ "ዕድሜዬን ሙሉ ቆሻሻ ሳወጣ ኖሬ በስተርጅና ቆሻሻ ላስገባ? ለዚያውም ኮት ለብሼ?" አሉ። ኮቱን አውልቀው ምስማር ላይ ሰቀሉትና ለጣውላ ነጋዴው ደወሉ። እኔ ተናገርኩ፣ አክስታችን ተናገረች፤ ግድግዳ ይሰማል፣ እሳቸው አልሰሙም።

ነጋዴው ማክሰኞ ማለዳ ደረሰ፤ ጥቅም ሲሸተው ቀጠሮ አያዛንፍም። ዛፎቹን አንድ በአንድ በሜትር እያቀፈ ለካ፣ ቀይ ቀለም ቀባ። አክስታችን "ሚስቱን እንዲህ አቅፏት ቢሆን ኖሮ ጥላው ባልሄደች" አለች፤ እንዲሰማ አድርጋ ነው ያለችው። እሱ ግን ጆሮ አልሰጣትም። የተጠረገውን መሬት እያየ ሊጠግብ አልቻለም። "አባቴ፣ እንዲህ የተመቻቸ ዱር አይቼ አላውቅም። መኪናዬ እስከ ውስጥ ይገባል። እጅዎ ይባረክ" አላቸው። አባባ ሳምንት ሙሉ የለፉበትን ምስጋና ያገኙት ያኔ ነው። ፊታቸውን አየሁት። አልጣማቸውም። ቃላቸውን ግን አላጠፉም።

ነጋዴው ብልጥ ነው፣ ከመንግሥት ጋር ጣጣ አይፈልግም። "ማመልከቻው ተሰርዞ ወረቀቱን ሳላይ መጋዝ አላስገባም" አለ። ዛሬ ከተሰረዘ ነገ ጠዋት ሰዎቹን ይዞ ይገባል። ለዚህ ነው እዚህ የተቀመጥኩት። አባባ ንጋት ላይ የስረዛውን ወረቀት ፈርመው ሰጡኝ፣ "ቶሎ ነይ" አሉኝ፣ ፊቴን ግን አላዩኝም። እኔም አልተከራከርኩም። መሬቱ የእሳቸው ነው። ደግሞ አንተም "ሽጡት" ብለሃል። ሁለት ወንዶች ተስማምታችሁ ሳለ ድንጋዩን የሚለቅመውን ማን ይጠይቃል። ይህን ስጽፍ ተናድጄ ነው፤ አልሰርዘውም።

ንብ አርቢው አሁን "አንቺ ለመመዝገብ ነው?" አለኝ። "ለመሰረዝ" አልኩት። "ለመውጣትም ሰልፍ አለው?" ብሎ ተገረመ። እሱ ቀፎዎቹ ያሉበትን ዱር ሊያስመዘግብ የመጣ ነው፤ ከሥራ ላይ ስለወጣ ንቦቹ እንዳይኮበልሉበት ፈርቷል፣ እግሩ የማያርፈው ለዚያ ኖሯል። የሆነውን በአጭሩ ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። "እኔም ብሆን እጠርግ ነበር። ሰው ሊያይ ሲመጣ እንዴት ዝም ይባላል?" አለ። መስኮት ሦስት ያለችው ጸሐፊ ሻይዋን ጨርሳ ተመለሰች። ከፊቴ ሁለት ሰው ቀርቷል። እጄ ውስጥ ያለውን የተራ ቁጥር ደጋግሜ አነበብኩት። ብነሳ ተራዬ ያልፋል፣ ብቀመጥ ይደርሳል፤ የትኛውን እንደምፈራ አላውቅም።

ቆየኝ፣ ስልኬ ጮኸ።

ሬዲዮ ነው። "አባትሽ ጤና ናቸው?" ብሎ ጀመረ። "ምን ሆኑ?" አልኩት። "እኔ ሰው ከዱር እንጨት ይዞ ሲወጣ ነው የማውቀው። እሳቸው እንጨት ተሸክመው ወደ ዱር እየገቡ ነው። ጭነው ይገባሉ፣ ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ፣ እንደገና ጭነው ይገባሉ። 'ምን እየሠሩ ነው?' ብላቸው 'አንተ ሂድና ድንጋይህን ከልጄ ማሳ ላይ ሰብስብ' አሉኝ። ሐኪም ልጥራ እንዴ?" አለ። ሐኪሙን ተወውና ሄደህ አንዱን ጫፍ ያዝላቸው አልኩት። ወገቡን እንደሚያመው ነገረኝ። ሥራ ሲጠራው የማያመው ወገብ ሬዲዮ ጋ የለም።

ልባቸው ተመልሶ ይሁን፣ የነጋዴው ምስጋና አልዋጥ ብሏቸው ይሁን፣ ወይም ለመኪናው መንገድ ሊዘጉ ይሁን፣ አላውቅም። ከመሰረዙ በፊት ሊነግሩኝ አልደወሉም። "ሐሳቤን ቀየርኩ" ብለው የሚደውሉ ሰው እንዳልሆኑ አንተም ታውቃለህ፤ እሳቸው መሥራት ይጀምራሉ፣ የቀረውን ሰው ይድረስበት ነው። ያ ሁሉ ክምር ግን ለአንድ ሰው የሚሆን አይደለም፤ ሠራተኛ ለሳምንት ቀጥረው ያወጡት ነው። ጉልበታቸውም የአምናው አይደለም። ባለሙያዋ ነገ ከሰዓት ትመጣለች። ነጋዴው ምናልባት ሳይጠራ ይመጣል። ክምሩን በጊዜ እናስገባው አናስገባው እዚያው ደርሼ አያለሁ።

ስለዚህ ሰላምታውን ቶሎ ቶሎ ተቀበለኝ። አክስታችን ጉንጭህን ስማሃለች፤ ጥርሷን አስነቅላ ተሽሏታል። ባለቤቴ ከጭነት መኪናው ሥር ነው የሚውለው፣ ሆኖም ሰላም በይልኝ ብሏል። ልጄ ባለፈው የላክህላት ጫማ ጠቧት ለአክስቷ ልጅ ሰጥታዋለች፤ ቅር እንዳይልህ፣ ሰላምታዋ ግን አልጠበበም። አባባ ሰላምታ አልላኩም፤ እጃቸው እንጨት ይዟል። ባለቤትህን እቀፍልኝ። ትልቁን በርታ በለው። ትንሿን ስልኩን ለአባቷ ሳታቀብል አንድ ቃል እንኳ ታናግረኝ በላት። አማትህን እጅ ነስቻለሁ።

ቁጥሬ ተጠርቷል። ጸሐፊዋ ቀና ብላ እየፈለገችኝ ነው፤ ንብ አርቢውን እሱ እንዲገባበት ነገርኩት። የስረዛውን ወረቀት አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ዘበኛው እስክሪብቶውን ሊቀበለኝ እጁን ዘርግቷል፤ ፖስታና ቴምብር መንገድ ላይ እገዛለሁ፣ የስድስት ሰዓቱ አውቶቡስ ሊነሳ ነው።

እህትህ፣
እርሻ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ፣
ያው በዚሁ ቀን።