እሁድ ያልሮጥከው ሰባት ኪሎ ሜትር

ውድ አምበል፣

ስልክህን ስለማታነሳ ነው የምጽፍልህ። ትናንት ባለቤትህ አነሳችልኝ። በአማችህ ጎማ ቤት ሥራ ላይ እንደሆንክ ነገረችኝ። አንተ ምን እንደምትል ብጠይቃት፣ “‘ጎማ ሰውን ፈሪ አይለውም በያቸው’ ብሎኛል፤ እኔ የተላክሁትን ነው፣ ጋሼ” አለችኝ። የሚገባኝ መልስ ነው። ደብዳቤውን ይዞልህ የሚመጣው የቡድናችን ትጥቅ ያዥ ነው። ለፈለግኸው ሰው ብታነብለት ቅር አይለኝም።

ሐሙስ ዕለት መልበሻ ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም ባለበት፣ የሩጫችሁን ሰንጠረዥ ይዤ ፊትህ ቆምኩ። ያልኩህን አልረሳሁትም። “ልምምድ ላይ ከሁሉም ትበልጣለህ። ጨዋታ ላይ ሰባት ኪሎ ሜትር ከምናምን። አሥራ አንድ ጨዋታ ሙሉ እንዲህ ነው። ይኼ የእግር ድካም አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ፈርተሃል። እሁድ አትሰለፍም።”

አንተ ወረቀቱን ተቀበልከኝ። ጣትህን በስምህ መስመር ላይ አስኬድክ፤ ከሥርህ ያለውንም ስም አየህ። ከዚያ አጥቂያችን ወደ ቆመበት ጥግ ዞር አልክ። ወረቀቱን አጥፈህ መለስክልኝ። “እሺ፣ ኮች” ብቻ አልክ። ጫማህን በፌስታል ይዘህ ወጣህ። እኔ ዝምታህን እንደ ማመን ቆጠርኩት። ክረምቱን ስድስት ሳምንት የስፖርት ሥነ ልቦና ኮርስ ወስጄ ስለነበር ዕውቀቱ ገና ከአፌ ይፈስ ነበር።

እሁድ ያለ አንተ አንድ ለዜሮ አሸነፍን። ይህን የምነግርህ ቸግሮኝ እንዳልጻፍኩልህ እንድታውቅ ነው።

ሰኞ ጠዋት የመረጃ ተንታኟ፣ እናንተ ካልኩሌተር የምትሏት፣ ላፕቶፗን ታቅፋ ቢሮዬ ገባች።

“ኮች፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትስቅብኝ። አምበሉ እሁድ ስንት ደቂቃ ተጫወተ?”

“ምን ነካሽ? ቤቱ ነው ያለው።”

“ዘጠና ደቂቃ ተጫውቷል” አለችና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። “ሰባት ኪሎ ሜትር ከዘጠኝ መቶ ሮጧል። ጎሉን ያገባው አጥቂያችን ደግሞ ዜሮ። እሱ እንኳን ሊሮጥ አልተራመደም።”

ከማልያችሁ ሥር የምትለብሷት ጠባብ ሰደርያ ጀርባ ላይ ያለችው፣ ሩጫችሁን የምትለካው መሣሪያ የሰደርያዋን ቁጥር እንጂ የለባሹን መልክ አታውቅም። ያንተ ቁጥር ስምንት ነበር፤ የአጥቂው አሥራ አንድ። እሁድ ስምንትን ሌላ ሰው ለብሷታል።

“የት የት እንደሮጡ የሚያሳይ ካርታ የለም እንዴ?” አልኳት።

“አለ። ሁለተኛው ገጽ ላይ።”

“ታዲያ ለምን አላሳየሽኝም?”

“‘አንድ ገጽ አድርጊልኝ፣ ጊዜ የለኝም’ ያለኝ ማን ሆነና?”

ሁለተኛውን ገጽ ከፈትን። አሥራ አንድ ጨዋታ ሙሉ አንተ አማካዩ የተጋጣሚን የፍጹም ቅጣት ምት ክልል ስትዞር፣ አጥቂያችን ደግሞ መሃል ሜዳውን እንደ በሬ ሲያርስ ታያለህ። ሕፃን እንኳ ቢያየው ይስቃል። እኔ ግን በሁለት ወር ተኩል አንድ ቀን ገልብጬ አላየሁትም።

አጥቂውን አስጠራሁት። በሩን ሲከፍት ነገሩ ገብቶታል።

“አምበሉ ነው የሰጠኝ፣ ኮች። ከሁለት ወር ተኩል በፊት ከሜዳችን ውጭ ልንጫወት ስንል፣ ሽንት ቤት ሆኜ በፍርሃት ሳስመልስ ገባና ሰደርያውን አውልቆ ሰጠኝ፤ የኔን ለበሰ።”

“ምን ብሎ?”

“‘ይቺን ለብሼ ተሸንፌ አላውቅም’ ብሎ።”

ውሸታም! በዚያች ሰደርያ ስንቴ እንደተሸነፍክ እኔ ቆሜ አይቻለሁ፤ አንዱ አራት ለዜሮ ነበር። ልጁ ግን አምኖህ ገባና ሁለት ጎል አገባ። ከዚያ ወዲህ በጨዋታ ቀን ከሷ ሌላ መልበስ ፈራ። በልምምድ ቀን የየራሳችሁን ትለብሳላችሁ፤ ለዚህ ነው ልምምድ ላይ ጀግና፣ ጨዋታ ላይ ፈሪ መስለህ የታየኸኝ።

“ሐሙስ ዕለት ሲሰደብልህ ለምን ዝም አልክ?” አልኩት።

“ልናገር አፌን ስከፍት በዓይኑ ከለከለኝ” አለኝ። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ እንባው መጣ። አስወጣሁት።

ትጥቅ ያዡም ያውቅ ነበር፤ “እኔ የቀልድ መስሎኝ” አለኝ። የክለባችን ሳይኮሎጂስት ዘንድ ሄድኩ።

“ታውቂ ነበር?”

“ሰደርያ እንደሚዋስ አውቅ ነበር። ሰንጠረዡ ላይ የሰው ስም እንደሚያለዋውጥ ግን አላውቅም ነበር።”

“ያንንስ ቢሆን ለምን አልነገርሽኝም?”

“አንተ የምትነግረኝን ለማን ስነግር ሰምተሃል?” አለችኝ። በክለቡ ውስጥ ነገሩን ያላወቅነው፣ ማወቅ ሥራችን የሆነው ሰዎች ብቻ ነበርን።

ከእንግዲህ እንደ ድሮው በዓይኔ ብቻ እሠራለሁ እንድል ትጠብቅ ይሆናል። አልልም። ቁጥሩ ልክ ነበር። ሰባት ኪሎ ሜትር የሮጠ ሰው ነበር፤ እኔ ማን እንደሆነ ሳላጣራ ፈረድኩ። ዓይኔማ በየሳምንቱ ከኳሷ ኋላ ስትሮጥ ያይህ ነበር፤ ወረቀቱን ካነበብኩ በኋላ ግን ቆመህ አየሁህ። ከሁሉ ያሳፈረኝ ይኼ ነው።

አጥቂው ሰደርያዋን እንዲመልስ ላዝዝ ስል ሳይኮሎጂስቷ ተው አለችኝ። “ልብሱን ለምን ትነካበታለህ? ኮምፒውተሩ ላይ ስሙን ቀይሩት።” ካልኩሌተር አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። ስምንት ቁጥሯ ሰደርያ ለልምምድም ለጨዋታም የሱ ሆነች፣ አሥራ አንድ ያንተ። ማልያህን ማንም አልነካውም።

ማክሰኞ ሁሉንም ሰብስቤ የታረመውን ሰንጠረዥ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ፈሪ ያልኩህ በአደባባይ ስለሆነ የመለስኩትም በአደባባይ ነው። በረኛችን፣ “ኮች፣ ሁለተኛውን ገጽ ስታነብ እኛንም ጥራን” አለ። ሳቁብኝ። እንዲስቁ ተውኳቸው።

አሁን የኔን ቅሬታ ስማ። ለልጁ ብለህ ዝም አልክ፤ ደግ ነው። ግን አምበል ያደረግሁህ ስሳሳት የቢሮዬን በር ዘግተህ ተሳስተሃል እንድትለኝ ነበር። ደግሞ ዝም ያልከው ለሱ ብለህ ብቻ አይደለም፤ ኩራትህም አለበት። ዘጠኝ ዓመት አውቅሃለሁ። “ራሱ ይድረስበት” ብለህ ነው የሄድከው። ደረስኩበት። ይቅርታ አድርግልኝ።

እውነተኛው ቁጥርህ ይኸውልህ። በጨዋታ በአማካይ አሥር ኪሎ ሜትር ከስምንት መቶ፤ ከቡድኑ አንደኛ ነህ። ሌላውንም አልደብቅህም። ከሰባኛው ደቂቃ በኋላ ፍጥነትህ ይወርዳል። በተጫወትካቸው የመጨረሻ አራት ጨዋታዎች ሁለት ጎል የገባብን፣ መድረስ ሲገባህ ሳትደርስ በቀረህበት በኩል ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመትህ ነው፤ ነውር የለበትም። ሥራ ግን አለበት።

ሦስት ጨዋታ ቀርቶናል፤ ከወራጅ ቀጠናው የምንርቀው በሁለት ነጥብ ነው። እንተርፋለን። ያለ አንተም እንተርፋለን ብዬ አምናለሁ፤ ከአንተ ጋር ግን ቀደም ብለን እንተርፋለን።

ዐርብ ጠዋት በሦስት ሰዓት ልምምድ አለ። ከመጣህ እሁድ ከመጀመሪያው ትሰለፋለህ፤ ሰባኛው ደቂቃ ላይ አስወጣሃለሁ። ከአሁኑ ልንገርህ ብዬ ነው። እንደ ልማድህ የውኃ ኮዳ ትጠልዛለህ፣ አጠገቤ ስታልፍ ታጉረመርማለህ፣ እስከ ማክሰኞ ታኮርፈኛለህ።

መጥተህ ተቆጣ።

ይቅርታ የጠየቀህ፣ በሰባኛው ደቂቃ ግን የማይደራደር
አሰልጣኝህ