ለዘውዴ የተናዘዝከው የነፋስ ስልክ

ቶላዬ፣

ከአጠገቤ ከተነሳህ ሁለት ክረምት አለፈ። ሰው ሁሉ ጊዜ ያስረሳል ይለኛል። እኔን አላስረሳኝም፤ እንዲያውም በመጀመሪያው ዓመት ለቅሶው ሸፍኖት የነበረው ነገር አሁን እየጠራ መጣብኝ። ይህን ወረቀት የምጽፍልህ ናፍቆት ብቻ አስገድዶኝ እንዳይመስልህ። ቅሬታም አለኝ። በሕይወት ሳለህ ዋጥ አድርጌው ኖርኩ፤ ከሞትክ በኋላም ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እያልኩ ዝም አልኩ። ከእንግዲህ ግን ዝም ብል የሚጎዳው የራሴ ሆድ ነው።

በመጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለውን ቤታችንን ለቅቄያለሁ። ቤቱ የሥራተኛ እንጂ የመበለት አይደለም ተባልኩ፤ አርባህ ሳይወጣ ሌላ ሰው ገባበት። አሁን ያለሁት ከገበያው በታች፣ የአባትህ ወዳጅ የነበሩት ኦቦ ጂሎ ግቢ ውስጥ፣ አንዲት ክፍል ሰጥተውኝ ነው። ጥጥ እፈትላለሁ፣ እሱም ያኖረኛል። እናትህ በፋሲካ ከወለንጪቲ መጥተው ሦስት ቀን ሰነበቱ። ስምህን ሳንጠራ ሦስቱም ቀን አለቀ፤ ሁለታችንም እንፈራ ነበር። ለነፋስ ስልክህ ከጣራችን እስከ ግራሩ ድረስ የወጠርከው ረጅም ሽቦ የለም። ግራሩም የለም፤ ቆርጠው አከሰሉት።

ስታገባኝ ያ የነፋስ ስልክ ሳጥንህ አብሮህ ነበር። ቀን በባቡር ጣቢያው ቴሌግራፍ ትሠራለህ፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደግሞ ሳጥንህ ፊት ትቀመጣለህ። መዳቡን ሽቦ በእንጨት ላይ የጠመጠምከው አንተ ነህ፤ እንደ መብራት የሚግሉትን ሁለቱን ጠርሙሶች በባቡር ከጅቡቲ ያስመጣሃቸው አንተ ነህ። የሰፈሩ ሰው በነፋስ ከሰው ጋር ይነጋገራል ብሎ ሲያማህ እኔ እሟገትልህ ነበር። እውነትም ትነጋገር ነበር። እንዳንተው ሳጥን ያለው የዓደኑ ፈረንጅ ከባሕር ማዶ ሲመልስልህ፣ ፊትህ በሠርጋችን ቀን እንኳ እንደዚያ ሲበራ አላየሁትም። ከወራት በኋላ ሰምቼሃለሁ የሚለው የእሱ ካርድ በፖስታ ሲመጣ ከሳጥኑ በላይ ግድግዳው ላይ ትለጥፈዋለህ። ከካርዶቹ አጠገብ የፈረንጅ ፊደላቱን፣ የእያንዳንዱን ነጥብና ሰረዝ ጽፈህ የሰቀልከው ወረቀት ነበር።

ከዚያ ወረቀት ትይዩ አራት ዓመት ሙሉ ተቀምጬ ፈትያለሁ ቶላ።

ጓደኛህ ዘውዴ ከጣቢያው ሲመጣ ለሁለት እንድትሰሙት የጆሮ ማዳመጫውን ነሐስ ሳህን ውስጥ ትከተዋለህ፤ ሳህኑ ድምፁን ያጎላዋል። እኔ ከእንዝርቴ ጋር ሦስት እርምጃ ርቄ ነኝ። አጭር ፉጨት፣ ረጅም ፉጨት። ዓይኔ ወረቀቱ ላይ፣ ጆሮዬ ሳህኑ ላይ። አባቴ ዳዊት ያስደገሙኝ ሰው እንደሆኑ ታውቃለህ፤ ፊደል አይከብደኝም። አንድ ቀን ደፍሬ፣ "ይኸን እኮ እኔም ሳልለምደው አልቀርም" አልኩህ። ወደ ዘውዴ ዞረህ፣ "ሰማህ? የሺ ደግሞ የነፋስ ስልክ ልትማር ነው!" ብለህ ሳቅህ። እሱም ሳቀ። ክፋት አልነበረህም፣ አውቃለሁ። ግን ከዚያ ቀን ወዲያ አፌ ተዘጋ። መማሬን ግን አልተውኩም።

ከዚያ ወደ አዋሽ ጣቢያ ለጥቂት ሳምንት ላኩህ፣ ንዳድ ይዞህ ተመለስክ። ምን ያህል እንደታገልኩልህ አንተ አታውቀውም፤ አእምሮህን ስተህ ነበር። ውኃ በጨርቅ እያጠጣሁ፣ ላብህን እየጠረግሁ፣ በዘጠነኛው ቀን ጣቶችህ የአልጋውን ጠርዝ መምታት ጀመሩ። የከበቡህ ሴቶች "ሊያጣጥር ነው" ብለው አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም፤ እያነበብኩህ ነበር። አጠገብህ ተንበርክኬ ስሜን እስክትጠራ ጠበቅሁ። የፈረንጅ ፊደል ስሜን እንደማይሞላው እያወቅሁ ጠበቅሁ። አንተ ግን በነፋሱ እንድትጠራባቸው ለራስህ ያወጣሃቸውን ሦስት ፊደላት ትደጋግም ነበር፤ ቀጥለህ ደግሞ የዓደኑን ሰው። የእሱን መልስ ለመስማት እጅህን ታቆማለህ፣ እንደገና ትመታለህ። እኔ እጅህ ሥር ነበርኩ።

በማግስቱ ጥቂት ነቃህ። የነፍስ አባትህ መጡ። የተናዘዝከውን እኔም ቆሜ ሰማሁ፤ መሬቱ ለእናትህ፣ በቅሎዋ ለወንድምህ፣ "የነፋስ ስልኬ ከነዕቃው ለዘውዴ ይሰጥልኝ፤ እሱ ያውቅበታል።" እኔን በተመለከተ፣ "የሺን አደራ" ነበር ያልከው። እኔን ለሰው አደራ ሰጠህ፤ ለእኔ ግን አደራ አልሰጠኸኝም።

ዘውዴ ታመህ በተኛህበት ሁለት ሳምንት አንዴም ደጃችንን አልረገጠም። በሰልስትህ ቀን ግን ከሁሉ ቀድሞ መጣ። ነጠላውን አዘቅዝቆ ከለቀስተኛው ጋር ትንሽ ተቀመጠና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "እትዬ የሺ፣ ዝናብ ሳይነካው ብወስደው ይሻላል" አለኝ። የሟች ቃል ነውና ተነስቼ በገዛ እጄ ሸክፌ ሰጠሁት። ጠርሙሶቹን በራሴ ፈትል ጥጥ ጠቅልዬ ነው የሰጠሁት። ካርዶቹንና የፊደሉን ወረቀት እንኳ አልተወልኝም።

ዓመት ሳይሞላ ምን እንዳደረገው ሰማሁ። የወጠርከውን ሽቦ ሚስቱ ልብስ ታሰጣበታለች። ሳጥኑ ከጓሮ ዝናብ ይመታዋል። ከዋና ከተማ በባቡር ሲያልፍ ጣቢያችን ላይ ለወረደ አንድ ሹም ደግሞ ሁለቱን ጠርሙሶች እጅ መንሻ አድርጎ፣ "በገዛ እጄ ከሠራሁት የነፋስ ስልክ ነው" ብሎታል። ሹሙም ተደንቆ አዲስ አበባ ላለው ሥራ ጠራው። በሳጥንህ አንድም ጊዜ ራሱ ሲመታ አላየሁትም ቶላ። ሁልጊዜ የምትመታው አንተ፣ የሚያጨበጭበው እሱ ነበር። አንተ ግን ጭብጨባውን እውቀት መሰለህ።

ኦቦ ጂሎን ይዤ ከሰስኩት። እሳቸው የሚመሩት ሦስት ሽማግሌ ተሰየመ። ዘውዴ ሥራዬን ትቼ አልመጣም ስላለ፣ ሽማግሎቹ ጣቢያው ድረስ ሄደው ከቴሌግራፉ መስኮት ሥር፣ ጥላው ላይ ተቀመጡ። ቀትር ነበር። ዘውዴ ለጓደኛው ሥራውን አስይዞ ወጣና፣ "ኑዛዜ ነው፣ የነፍስ አባቱ ምስክር ናቸው" አለ። "ደግሞስ ሴት ልጅ ይኸን ምን ታደርገዋለች? ፊደሉን ታውቀዋለች?"

ኦቦ ጂሎ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ታውቂዋለሽ?"

መልስ ሳልሰጥ ከመስኮቱ ውስጥ ማሽኑ መቆርቆር ጀመረ። "አቶ ዘውዴ፣ እርሳስዎን ያውሱኝ" አልኩ። የሰጠኝ ሊስቅብኝ ነው። ከኦቦ ጂሎ ኪስ የወጣ የእህል ጭነት ወረቀት ገልብጬ ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። መጀመሪያ ግራ ገባኝ፤ የአንተ የነፋሱ ያፏጫል፣ የሽቦው ግን እንደ ምስጥ ነው የሚቆረቁረው። ጥቂት ፊደላት አመለጡኝ። ከዚያ ጆሮዬ ያዘው፣ እጄም ተከተለው። ማሽኑ ሲያቆም እኔም አቆምኩ።

ኦቦ ጂሎ ወረቀቴን ይዘው ገቡና የጣቢያውን ሹም፣ ያንን ፈረንሳዊ፣ ይዘውት ወጡ። በአንድ እጁ የእኔን፣ በሌላው እጁ ከውስጥ የተጻፈውን ይዞ ፊደል በፊደል አስተያየ። ከመጀመሪያው ጥቂት ጎደለ እንጂ ሌላው አንድ ነው። ምን እንደሚል ስጠይቅ ዘውዴ ራሱ እየተንተባተበ ተረጎመልኝ። ለካስ ስለ ከብት ነው፤ ከሞጆ የተነሳው የጭነት ባቡር ከብት ገጭቶ ዘግይቷል። ፊደሉን አውቃለሁ እንጂ ቋንቋውን መቼ አውቀዋለሁ! ፈረንሳዊው ማን አስተማራት ብሎ ጠየቀ።

"ባሌ ነው ያስተማረኝ" አልኩ።

ውሸቴን ነው። ሰው ፊት እንዳላሳንስህ ብዬ ነው። ያንን ክብር እንደሰጠሁህ እንድታውቅ እፈልጋለሁ።

ኦቦ ጂሎ፣ "የሟች ቃል አይሻርም" ብለው ፈረዱ። "ግን ሟች የሰጠው እንዲይዘው ነው እንጂ እንዲበትነው አይደለም። የተረፈው ወደ የሺ ይመለስ።" የተረፈው የጆሮ ማዳመጫው፣ የመላኪያው መምቻ፣ ውኃ የጠጣ ሳጥንና አይጥ የበላቸው ካርዶች ነበሩ። ፈረንሳዊው እጄን ጨብጦኝ ገባ፤ ሥራ ስጡኝ ብል ግን ሴት አንቀጥርም አሉኝ። ዘውዴም በሳምንቱ እቃውን ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ሲሸኙት ሙዚቃ ነበር። ፍርድ አገኘሁ ብዬ የተመለስኩት ባዶ ሳጥን ይዤ ነው።

በእሱ ቦታ ገዛኸኝ የሚባል ሰው ከሞጆ ተዛውሮ መጣ። የጣቢያውን ወሬ ሰምቶ ኖሮ አንድ ቀን ቤቴ መጣ። ደጅ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ፣ "እትዬ የሺ፣ ያንን ዕቃ ላየው ይፈቅዱልኛል?" አለ። አስቀመጥኩትና በጣቴ ገበታው ላይ መታሁለት። አነበበው። ፈጠን አድርጌ መታሁ። እሱንም አነበበ። ከዚያ እሱ መታልኝ፣ እኔ አነበብኩ። ሳጥኑ ውስጥ የትኛው ሽቦ የት እንደሚገባ ሲጠይቀኝ አውቀው ነበር፤ ስትሠራው አይቻለሁና። ጠርሙስ ከጅቡቲ አስመጣለሁ አለኝ። እንግዲያው ውሰደው አልኩት። በማንም ኑዛዜ ሳይሆን ሰውየውን ፈትኜ፣ በአፌ ፈቅጄ፣ በእጄ ሰጠሁት። ካርዶቹን ብቻ አስቀረሁ።

ከአራት ወር በኋላ አንድ እሑድ ላከብኝ። ቤቱ ስደርስ ጠርሙሱ ግሏል። የጆሮ ማዳመጫውን ሁለት እጁ ላይ አድርጎ፣ "እርስዎ ይቅደሙ" አለኝ።

ቶላዬ፣ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። አራት ዓመት ስንኖር፣ አንድም ቀን ጆሮዬ ላይ አላደረግኸውም። ከሳህኑ የሰማሁት የድምፁ ጥላ ነው ለካ። ከቀይ ባሕር መርከብ ትጣራለች፣ ሌላዋ ትመልሳለች፤ ከኋላቸው እንደ ዝናብ የሚያፏጭ ነገር አለ። እንባዬ ሲወርድ ገዛኸኝ የደስታ መስሎት ፊቱን አዞረልኝ። የንዴት ነበር። ይኸን ሁሉ ከእኔ ጋር መስማት ስትችል፣ ሦስት እርምጃ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንተ ዓደን ድረስ ሰው ፈለግህ።

እንዲህ ስልህ መውደዴ የቀረ እንዳይመስልህ። ብጠላህማ ኖሮ አልጽፍልህም ነበር። የእጅህ ሽታ፣ ያ የመዳብና የጋዝ ሽታ፣ አሁንም በአንዳንድ ጠዋት ይመጣብኛል። ለእኔ ብለህ ከወለንጪቲ ገበያ እስከ ቤት በእግርህ ተሸክመህ ያመጣኸውን የጥጥ ጆንያ አልረሳሁትም። ስታመምም ሁለት ቀን ሥራ ቀርተህ እግሬን ማሸትህን አልረሳሁም።

ሰው ሙቱን የሚያስታውሰው መልካሙን መርጦ ነው። ተዝካርህን በዚያ ደንብ አውጥቻለሁ፤ ቄሶቹ አመሰገኑህ፣ እኔም አሜን አልኩ። ከተዝካሩ ወዲያ ያለው ግን የእኔ ነው። ቃል እገባልሃለሁ፣ ሙሉህን አስታውስሃለሁ፤ ጆንያ የተሸከመውን ቶላን፣ ሳጥኑ ፊት ፊቱ የበራውን ቶላን፣ የሳቀብኝንም ቶላን። አንዱንም ለአንዱ ብዬ አልጥልም። ስሞት እግዚአብሔር ከአንተ ጋር ሲያገናኘኝ፣ በመጀመሪያ የምጠይቅህ ነገር አለኝ፤ አንቺም ትሰሚያለሽ ወይ ብለህ ለምን አልጠየቅኸኝም?

ሚስትህ የሺ
ከአዳማ