ለመጫወት የመጣነውን ሁሉ ተወዳዳሪ ላደረጉን ኃላፊ

ለክቡር የወጣት ማዕከላችን ኃላፊ
አሰላ

ክቡርነትዎ፣

ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ በቢሮዎ መስኮት እንዳይገባ፣ ጉልበትዎንም ወገብዎንም፣ በተለይ ደግሞ ማኅተም ሲመታ ውሎ የማይደክመውን ክንድዎን ጤና ይስጥልኝ እያልኩ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ። እኔ ወይንሸት ገብረ መድህን እባላለሁ፤ ከደብረ ብርሃን ተመድቤ መጥቼ በዚህ ከተማ ፊዚክስ ሳስተምር አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ከሥራ በኋላ በማዕከሉ የኮምፒውተር አዳራሽ የተኩስ ጌም ይጫወቱ ከነበሩት ሰዎች አንዷ ነበርኩ። የአርባ ሁለት ዓመት መምህርት በኮምፒውተር ውስጥ ጠመንጃ ይዛ ስትሯሯጥ መታየቷ ለክቡርነትዎ እንግዳ እንደሚሆን ስለምረዳ፣ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው ቀደም ብዬ በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው ሦስቱ «በሂደት ላይ» ስለሆኑ ነው። መዝገብ ቤትዎ ይህን የነገረኝ በፍጹም ትሕትና ስለሆነ፣ ሂደቱ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ ነውር መስሎኝ ተመለስኩ። አሁን ግን ክቡርነትዎ በሚወዱት አሠራር ነጥቦቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ክቡርነትዎ ከመምጣትዎ በፊት ምን ያህል ሥርዓት አልባ እንደነበርን መመስከር ይገባኛል።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ልንገር፤ አምስት ለአምስት ሆነን፣ በስክሪኑ ላይ ባለች አንዲት የፈራረሰች ከተማ ውስጥ እየተደባበቅን የምንተኳኮስበት ነው። የተመታ ሰው ጥቂት ይጠብቅና በሚቀጥለው ዙር ይነሣል። ከዚህ የተሻለ ቸር ሕግ በየትኛውም መሥሪያ ቤት አላየሁም። አዳራሹ አሥር ኮምፒውተር ነበረው፤ እኛ አርባ ሦስት ነበርን። ከእኛ ውስጥ የሚበዛው ለመሳቅና የሥራ ድካሙን ለመርሳት የሚመጣ ሲሆን፣ ጥቂቶቹ ግን ለማሸነፍ ይመጡ ነበር። ከነዚያ ጥቂቶች ፊታውራሪው እንደሻው ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የካርታ ሥራ ባለሙያ፣ ዓይኑ የጭልፊት፣ ጣቱ የመብረቅ። እኛ ገና በር ላይ ሳለን እሱ ሦስታችንን ጥሎ ያልፋል። በዚህም እኛ ስንማረር እሱ ደግሞ ይሰለቻል። አንድ ቀን ማዳመጫውን አውልቆ፣ ወይ ሰዉ ይማር ወይ እኔ ልውጣ ብሎ ተነሣ።

እውነቱን ነበር፤ እኛም እውነታችንን ነበር። ስለዚህ ከእሱ ጋር ቁጭ ብለን ተመካከርን። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ለውድድር እንዲሆኑ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ግን ለሳቅ እንዲሆኑ ተስማማን። በሳቅ ቀን እንደሻው የሚመጣ ከሆነ ሽጉጥ ብቻ ይይዛል፤ ከሁሉ ደካማ የሆነው ሰውም ከእሱ ቡድን ይመደባል። መጀመሪያ ፊቱን አጨማዶ ነበር የተቀበለው፤ ከአንድ ወር በኋላ ግን ማክሰኞን የሚናፍቀው እሱ ሆነ። ይህ ያለ መመሪያ፣ ያለ ማኅተም፣ ያለ ኮሚቴ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሠርቷል። ለዚህ ጥፋታችን ተገቢው ቅጣት እንደ ደረሰን አምናለሁ።

ከእንደሻው ቡድን የሚመደበው ደካማ ሰው ሁልጊዜ አንድ ሰው ነበር፤ ሚፍታ ይባላል። ሚፍታ በሮቤና በአሰላ መካከል ሚኒባስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። መኪናው ጠመዝማዛ ላይ ተገልብጦ ቀኝ እጁ ተሰባበረ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እጁ ዳነ፣ ሦስት ጣቶቹ ግን እንደ ደረቀ ቆዳ ኩርምት ብለው ቀሩ። እጁን የምታሻሽለት ትርፌ የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጣቶቹን በጥቃቅን ሥራ እንዲያለማምድ ስላዘዘችው ምስር ሲለቅም ከረመና ሰለቸው። ወደ አዳራሹ የገባው ዝናብ ሊያሳልፍ ነው። አጠገቤ ተቀምጦ ሲያይ ቆየና በግራ እጅ ይቻል እንደሆነ ጠየቀኝ፤ እኔም በቀኙ እንዲሞክር ነገርኩት። ማውሷን ለመጫን ሩብ ሰዓት ፈጀበት፤ እስከዚያ ድረስ አራት ጊዜ ሞተ፤ በአራቱም ሳቀ።

በዚያች ፈራርሳ በምትታየው ከተማ መሐል አንድ የተቃጠለ ሚኒባስ ቆሟል፤ ሚፍታ ሁልጊዜ የሚደበቀው ከእሱ ኋላ ነበር። ጠላት ሁሉ እዚያ መሆኑን ስለሚያውቅ መጥቶ ይገድለዋል። እንደሻው ቦታ እንዲቀይር ቢለምነውም፣ ሰው መኪናውን ጥሎ አይሄድም ይል ነበር። በስምንት ወር ውስጥ ሌባ ጣቱ ተዘረጋ፤ ቀጥሎ መሐል ጣቱ። አንድ ሐሙስ ከመቀመጡ በፊት የሸሚዙን ቁልፎች በሙሉ በዚያው እጁ እንደ ቆለፈ ነገረን፤ እንደሻው ተነሥቶ ግንባሩን ሳመው። የዚያን ዕለት ጨዋታውን ተሸነፍን። እነማን እንዳሸነፉን ግን ዛሬ አላስታውስም።

ሁለተኛ፣ ክቡርነትዎ በመስከረም ተሾሙ፤ በጥቅምት ስብሰባ ጠሩን። በአዳራሹ ውስጥ «የተወዳዳሪነት መንፈስ» እንደሌለ በግምገማ መረጋገጡንና ከኅዳር ጀምሮ ሁሉም ቀን የውድድር ቀን እንደሚሆን በሰፊው አብራሩልን። የሳቅ ቀን የሚባለው ነገር በዕቅድ ውስጥ የማይታወቅ መሆኑንም ገለጹልን። እኔ እጄን አውጥቼ ለመጫወት ብቻ የሚመጣውስ ሰው ምን ይሁን ብዬ ጠየቅሁ። ክቡርነትዎ ፈገግ ብለው፦

«አርሲ የሯጮች አገር ነው፤ እዚህ ለመዝናናት ብሎ የሚሮጥ ሰው የለም» አሉኝ።

አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ አባባሉ ያምር ነበርና። ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ቦርጫቸውን ይዘው ዳገቱን ዱብ ዱብ የሚሉ ነጋዴዎችና ጸሐፊዎች አገኛለሁ። አንዳቸውም ሜዳሊያ እንደማያገኙ እያወቁ ይሮጣሉ፤ እስካሁንም ከመንገድ ያስወጣቸው የለም። ይህን የምጠቅሰው ለክቡርነትዎ መረጃ ያህል እንጂ፣ መመሪያ እንዲወጣባቸው ፈልጌ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።

ሦስተኛ፣ ዝርዝሩ። በኅዳር የሁላችንም ስም ከአንደኛ እስከ አርባ ሦስተኛ በትልቅ ወረቀት ታትሞ በውጭው በር ላይ ተለጠፈ። የመጨረሻዎቹ አምስት ስሞች በቀይ ነበሩ፤ በትይዩአቸውም «ዝቅተኛ አፈጻጸም» ተብሎ ተጽፏል። አንደኛ እንደሻው ነው፤ አርባ ሦስተኛ ሚፍታ። በሩ ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነ የድሮ ባልደረቦቹ ሾፌሮችና ረዳቶች በሙሉ አነበቡት። በሳምንቱ «አርባ ሦስት» ብለው ይጠሩት ጀመር። እሱም አብሮ ሳቀ።

ከዝርዝሩ ጋር የወጣው ደንብ የክቡርነትዎን ጥበብ ከሁሉ በላይ ያሳያል። በቀይ የተጻፉት አምስቱ ደረጃቸውን እስኪያሻሽሉ ድረስ ኮምፒውተር አይሰጣቸውም፤ ደረጃ የሚሻሻለው ደግሞ በኮምፒውተሩ ላይ በመጫወት ነው። ይህን ለተማሪዎቼ እንደ ጥያቄ አቅርቤላቸው መፍትሔ አጥተውለታል። ሚፍታ ሦስት ተከታታይ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ከኋላችን ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተመለከተ። የእኔን ወንበር ልልቀቅለት ብል የአዳራሹ ተቆጣጣሪ ስሙን ከወረቀቱ አይቶ ከለከለው። በአራተኛው ቀን አልመጣም።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ያለው ግን በቁጥር አልከፋፈል ስላለኝ ክቡርነትዎ እንደ አመጣጡ ይቀበሉኝ።

አምስት ሰው ሲወጣ ዝርዝሩ ሠላሳ ስምንት ሆነ፤ ሠላሳ ስምንት ሰው ባለበትም የመጨረሻ አምስት አይጠፋም። በታኅሣሥ እነሱ ወጡ። በጥር የእኔ ተራ ደረሰ፤ ስሜ በቀይ ሲጻፍ ያምራል። እስከ ሚያዝያ በስድስት ወር ሠላሳ ሰው በደንቡ ተሰናበተ፤ አራቱ ደግሞ ተራቸው እስኪደርስ መጠበቁ አስፈርቷቸው ራሳቸው ቀሩ። ዘጠኝ ሰው ቀረ። ጨዋታው አሥር ሰው ይፈልጋል።

ከሌሎች ከተሞች ጋር እንድንጋጠምበት ይጠበቅ የነበረው ታላቁ ውድድር «ላልተወሰነ ጊዜ» ተላለፈ። እንደሻው፣ ክቡርነትዎ በአንደኝነቱ የምስክር ወረቀት የሰጡት ሰው፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ክብደቱ ቀንሶ ነበር። ጨዋታው ከመቆሙ በፊት የቀሩት ደረጃቸው እንዳይወርድ ፈርተው ከመደበቂያ ይወጡ እንዳልነበር፣ እሱም ከተደበቁበት እየለቀመ ስለሚጥላቸው ሁሉም በአራት ደቂቃ ያልቅ እንደነበር፣ የሚናገርም የሚስቅም ሰው እንዳልነበረ አጫወተኝ። ከዚያም፦

«መሸነፍ አይደለም የጎዳኝ፤ የምጫወተው ሰው ማጣት ነው» አለኝ።

ሚፍታ ሮቤ እኅቱ ዘንድ እንደ ገባ ሰምተን ስለነበር፣ በግንቦት አንድ ቅዳሜ ማለዳ ሁለታችን ሚኒባስ ተሳፍረን ሄድን። እንደሻው የራሱን ላፕቶፕ በጋቢው ጠቅልሎ በጭኑ ላይ ይዞ ነበር። ሚፍታ ከእኅቱ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጦ አገኘነው። በኦሮምኛው «ኮታ፣ ኮታ፣ ኑ ግቡ እንጂ» እያለ ተነሣ፤ በግራ እጁ ጨበጠን፤ ቀኙ ከኮት ኪሱ አልወጣም። ሻይ አስቀዳልን፤ ስለ ዝናቡና ስለ ገብሱ ጠየቀን። ስለ አዳራሹ አልጠየቀም።

እንደሻው ላፕቶፑን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ስሙ ከላይ ስለነበር ደስ ብሎት እንደነበር፣ ከታች ማን እንዳለ ግን ለማየት አንገቱን እንዳላጎነበሰ ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀው። በየቅዳሜው እየመጣ አብሮት እንደሚጫወት፣ ማንም እንደማይቆጥር ቃል ገባለት። ሚፍታ ላፕቶፑን ቀስ አድርጎ ዘጋውና ወደ እንደሻው መልሶ ገፋው።

«አንተ ምን በደልከኝ?» አለው። «መሸነፌንማ ዱሮም አውቀው ነበር። ስንተኛ እንደሆንኩ ነበር የማላውቀው። አሁን አውቄዋለሁ፤ ያወቅሁትን እንዴት ልርሳው?»

እንደሻው ላፕቶፑን መልሶ በጋቢው ጠቀለለ። በስንብታችን ጊዜ እኅቱ እስከ መንገድ ሸኝታን፣ እጁን ማለማመድ ከተወ ወራት እንዳለፉት ቀስ ብላ ነገረችኝ። አሰላ ተመልሼ ለትርፌ ብነግራት፣ ጅማቱ ከታሰረ በኋላ የጠፋውን ለመመለስ ሁለተኛ ዕድል ብዙ ጊዜ እንደማይገኝ አስረዳችኝ።  እንደሻው ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ጌም የሚባል ነገር አልነካም።

ዛሬ በሰኔ አዳራሹ ተቆልፏል። ኮምፒውተሮቹ አቧራ እንዳይነካቸው በላስቲክ ተሸፍነዋል፤ በሩ ላይም «ለውድድር ዝግጁ» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። ማንበብ ለሚችል ሁሉ የሚያኮራ ነው።

ክቡርነትዎ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን እንድናደርግልሽ ትፈልጊያለሽ ቢሉኝ፣ ምንም አልፈልግም። ቁልፉ ቢከፈት የሚገባ ሰው የለም፤ ዝርዝሩ ቢቀደድም ያነበበው ሁሉ ይዞት ሄዷል። ማክሰኞና ሐሙስን በደብዳቤ ቢመልሱልን እንኳ፣ በደብዳቤ የመጣ ሳቅ እንዴት እንደሚሳቅ አላውቅበትም። ይህን የምጽፈው እንዲታወቅ ያህል ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በሂደት ላይ እንደሚሆን ይገባኛል።

ስላሳለፉልን ዓመት ከልብ እያመሰገንኩ፣ በየስብሰባው ጭብጨባ እንዳይጎድልብዎ፣ ከፊትዎ የሚቀመጠው ውኃ እንዳይሞቅ፣ ከኋላዎ የሚነገረውም እንዳይሰማዎ እየተመኘሁ፣ በአክብሮት ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ወይንሸት ገብረ መድህን
የፊዚክስ መምህርት
አሰላ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ እንደ ጨረስኩ፣ ክቡርነትዎ ባስመዘገቡት ውጤት ከሐምሌ ጀምሮ የከተማውን ውኃ እንዲመሩ እንደ ታጩ ሰማሁ። እንኳን ደስ ያለዎ። ጀሪካኖቼን ዛሬውኑ ሞልቻለሁ።